አሥራ አንድ ዘንግ

በጋሽ ሜትር ያልሳቀ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ የለም። ዛሬም ስሙ ሲነሳ ይስቃሉ። እኔ ግን ጨርሶ ሳቄ አይመጣም፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በዩኒቨርሲቲው እንጨት ሥራ ክፍል አናጢ ነበር። እኔ ደግሞ ግድግዳ ተጋርተን የንብረት ክፍሉን እይዛለሁ። ሚስማርም ኮላም ብርጭቆ ወረቀትም ከኔ ፈርሞ ነው የሚወስደው። ሜትር ያልነው መለኪያው ከወገቡ ስለማይጠፋ ነው፤ አንዲት ጣውላ ሦስቴ ሳይለካ አይቆርጥም። "ጋሼ፣ ለክተህ እስክትጨርስ እንጨቱ ያድጋል እኮ" ስለው፣ "ይደግ፣ ያንቺ ቁም ሳጥን ሰፋ ይላል" ይለኛል።

አንድ ቀን የትምህርት ክፍሉም የኛም ኃላፊ የሆኑት፣ ስለ ልብ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር፣ ወረቀት ይዘው መጡ። አንቱታው አፌ ስለለመደው ነው እንጂ አይገባቸውም። ለተማሪዎች ማሳያ የሚሆን የእንጨት ሞዴል ፈለጉ። የበር ወይም የመስኮት እንዳይመስላችሁ፤ ልባችን ውስጥ በእያንዳንዷ ሴል ሽፋን ላይ የተሰካ፣ በዓይን የማይታይ ፕሮቲን ነው።

ጋሽ ሜትር ያልገባውን ሥራ አይነካም። "ምን የሚሠራ ዕቃ ነው?" አላቸው። ያን ቀን ደግ ነበሩ መሰለኝ፣ በርጩማ ስበው ተቀመጡና አስረዱት። ልብ በመታች ቁጥር ካልሲየም ወደ ሴሉ ይገባል፤ ሲገባ ጡንቻው ይኮማተራል። ከዚያ መውጣት አለበት። ካልወጣ ልብ እንደተጨበጠች ትቀራለች። ችግሩ፣ ውጭው ራሱ በካልሲየም የተጨናነቀ ስለሆነ በገዛ ፈቃዱ አይወጣም። ሶዲየም በበኩሉ ውጭ ተትረፍርፎ ልግባ እያለ ይጋፋል። ፕሮቲኑ በዚያ ግፊያ ይጠቀማል፤ ሦስት ሶዲየም ያስገባና አንድ ካልሲየም ያስወጣል።

"በሁለቱም በኩል ክፍት ነው እንዴ?" አለ ጋሽ ሜትር። "እንደዚያ ከሆነማ ሁሉም እንዳሻው ይተራመስበታል።"

"አይደለም። ወደ ውስጥ ሲከፈት በውጭ በኩል ዝግ ነው፤ ወደ ውጭ ሲከፈት ደግሞ በውስጥ በኩል።"

"ገባኝ። ማጠፊያ ይፈልጋላ።"

ከዚያ ወረቀቱን ተቀበለ። ፕሮቲኑ አንድ ረጅም ክር ነው፤ የሴሉን ሽፋን እየበሳ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ሽፋኑን ባቋረጠ ቁጥር አንድ ዘንግ ይቆጠርለታል። ወረቀቱ ላይ ዘንጎቹ ተስለዋል፤ አሥራ አንድ ዘንግ ይላል፣ በፕሮፌሰሩ እጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩ ፊርማቸው። ጋሽ ሜትር ራሱን አከከ። "አሥራ አንድ ለሁለት አይካፈልም። እንዲህ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ነገር፣ ሁለቱ ጎኑ እኩል ቢሆን ነበር ደስ የሚለኝ።" ፕሮፌሰሩ ሳቁ። "አንተ ቁረጥልኝ፤ ቆጠራውን ለኔ ተወው።"

ሁለት ወር ፈጀበት። ሲያልቅ ግን ምን ልበላችሁ! ዘንጎቹ በቫርኒሽ የሚያበሩ፣ እጀታውን ሲገፉት ሦስት ቀይ ኳስ ወደ ውስጥ ገብቶ አንድ ነጭ የሚወጣበት። ተማሪ ተሰልፎ ነበር የሚገፋው። ሚስቱን አምጥቶ አሳያት፤ እሷም ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ባሌ ልብ ሠራ ብላ አወራች።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ ውጭ አገር የተማሩ እንግዶች መጡ። ሞዴሉን ተሸክሞ ያመጣው እሱ ስለሆነ በሩ ጋ ቆሟል። አንደኛው እንግዳ በጣቱ ቆጠረና፣ "አሥራ አንድ? አሁን እኮ ዘጠኝ ነው የሚባለው" አለ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሞዴሉ ሲሠራ የዓለም መጽሐፍ ሁሉ አሥራ አንድ ነበር የሚለው። ፕሮፌሰሩ "እኛም እንደዚያ ነበር የምናውቀው" ቢሉ ማን ይስቅባቸው ነበር? አላሉም። ፈገግ ብለው፣ "አናጢያችን ቆጠራ ላይ ደከም ይላል" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ጋሽ ሜትር ሞዴሉን ተሸክሞ መለሰው። በማግስቱ ቢሯቸው ገብቶ፣ "እርስዎ የጻፉት አሥራ አንድ ነው፤ ወረቀቱ ንብረት ክፍል አለ። ሰው ፊት ይናገሩልኝ አልልም፣ ለኔ ብቻ 'ስህተቱ የኔ ነው፣ ያንተ አይደለም' ይበሉኝ" አላቸው። ሌላ ምንም አልፈለገም። እኔን አስጠሩኝ።

እንግዲህ ፍረዱ። ሦስት ልጅ ያለ አባት አሳድጋለሁ። በቋሚነት የምቀጠርበት ደብዳቤ ጠረጴዛቸው ላይ ፊርማ ይጠብቃል። ወረቀቱን ጠዋት አይቼዋለሁ፣ አሥራ አንድ ነው የሚለው።

"ፋይሉን አየሽው?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ስንት ይላል?"

ጋሽ ሜትር ዞሮ እያየኝ ነበር። ዓይኑ ውስጥ የጥርጣሬ ሽታ የለም። ማን ይሙት፣ ቢጠራጠረኝ ይሻለኝ ነበር።

"ዘጠኝ" አልኩ።

"ዘጠኝ?" አለ ጋሽ ሜትር ቀስ ብሎ። "በዓይንሽ አይተሽ ነው፣ እህት ዓለም?"

"በዓይኔ ነው፣ ጋሼ።"

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሜትር ትርፍ የተባሉትን ሁለት ዘንጎች በመጋዝ ሲቆርጥ በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር። ደብዳቤዬም ተፈረመ።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ሜትር መባሉ ቀረ፤ ጋሽ አሥራ አንድ አሉት። እሱም ተለወጠ። አራት እግር ላለው ወንበር እንኳ ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ፣ "እህት ዓለም፣ እስቲ ነይ ቁጠሪልኝ" ይለኛል። መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። እየሄድኩ እቆጥርለታለሁ፤ አራት ነው ስለው ያመሰግነኛል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን ውስጥ ውስጡን ነቀዘ።

እሱ ጡረታ ወጣ። ዓመታት አለፉ። አንድ ወጣት መምህር ኮሪደር ላይ ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ ሰማሁት፤ ዘጠኝም ስህተት ነበር፣ ዘንጎቹ አሥር ናቸው፣ አምስትና አምስት ሆነው የአንዱ ጎን አሠራር የሌላው ግልባጭ ነው እያለ።  ጋሽ ሜትር ያን ጊዜ ወረቀቱን ይዞ፣ ሁለቱ ጎኑ እኩል ቢሆን ያለው ነው። ያን ቀን ወደ እሱ መሮጥ ይገባኝ ነበር። አልሮጥኩም። ፕሮፌሰሩ ገና ኃላፊ ናቸው፣ እኔም ለጡረታ ሁለት ዓመት ይቀረኛል። ቆይ አልኩ።

በመጨረሻ ወረቀቱን በቦርሳዬ ይዤ ቤቱ ሄድኩ። አርጅቷል፤ ዓይኑ ግን ደህና ነው። ደስ ብሎት ወንበር አቀረበልኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ጀመረ።

"ጥሩ ነገር ልንገርሽ፣ እህት ዓለም። ባለፈው ወር ፕሮፌሰሩ ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።"

"የምን ይቅርታ?"

"ያን ሁሉ ዓመት በሆዴ ሰውየውን አማኋቸው። የጻፉት አሥራ አንድ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። አንቺ በዓይንሽ ዘጠኝ ካየሽ ያሳሳተኝ የራሴ ዓይን ነው። ቂም ይዤ እንዳልሞት ብዬ ነው።"

"እሳቸውስ ምን አሉህ?"

"ይቅር ብዬሃለሁ አሉኝ። ትልቅ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ጥሩ ሆኗል።"

ያኔ ተነስቼ መሄድ ነበረብኝ። አንጀቴ ግን እምቢ አለ። ወረቀቱን አወጣሁና ሰጠሁት፤ አሥሩንም፣ አምስትና አምስቱንም፣ ውሸቴንም ሁሉንም አንድ ላይ አፈሰስኩለት፣ እያለቀስኩ። የማንበቢያ መነጽሩን አደረገ። በጣቱ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ከሥር ያለውን ፊርማም አየ። እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረ።

ከዚያ አጥፎ መለሰልኝ።

"ጡረታ ወጣሽ እንዴ?" አለኝ።

"ባለፈው ሰኞ" አልኩት።