የአግማስ ችካሎችና የያለምወርቅ ዳቦ

ደሴ ውስጥ ፀጉሩን የተስተካከለ ሰው ሁሉ የአግማስን ጆሮ ያውቀዋል። ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ጀምሮ እስከ ከተማው ዳር ድረስ በየፀጉር ቤቱ በር ላይ የተሣሉት ጎረምሶች በሙሉ የሱ እጅ ሥራ ናቸው፤ ፀጉራቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም የሱን ጆሮ ይዘዋል። ለምን ቢሉት፣ "በነጻ የሚቀመጥልኝ እሱ ብቻ ነው" ይላል። የሥጋ ቤት በሬም ይሥላል። አንዱን በሬ ከማሳመሩ የተነሣ፣ ለገበያ የወጣ ገበሬ ከሥዕሉ ፊት ቆሞ ዋጋ ሲከራከር አረፈደ ይባላል። ባለ ሥጋ ቤቱም አልቀነሰለትም።

ማተሚያ ቤቶች ባነር ማተም ከጀመሩ ወዲህ ግን የታፔላ ሥራ ቀዘቀዘ። የአግማስን ቤት ዓመት የሚያሻግረው ቦሩ ሜዳ ላይ ከአባቱ የወረሰው ማሳ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየወጣ ያየዋል። ያየዋል ነው ያልነው፤ የሚያርሰው ዘይኑልአቢዲን ነው። በሬው የዘይኑልአቢዲን፣ መሬቱ የአግማስ፣ ስንዴውና ባቄላው እኩል። አባቶቻቸውም እንደዚሁ ነበሩ። የአግማስ ድርሻ ዳር ቆሞ "እዚያ ጋ ጠመመብህ" ማለት ሲሆን፣ የዘይኑልአቢዲን ድርሻ ደግሞ "ጆሮ መሣል መስሎሃል?" ማለት ነው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ሄዶ ቢያይ ማሳው ላይ ቀይና ነጭ የተቀቡ ችካሎች ተተክለዋል። መሬቱ ለልማት ተፈልጓል።

ፈላጊው ኮምቦልቻ ላይ ሰፊ ቦታ ወስዶ፣ በቆርቆሮ አጥሮ፣ ለዓመታት ሣር ሲያበቅል የኖረ ባለሀብት ነው። ሣሩ አምሮበታል፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ያልተስማማው ለባለሀብቱ ነው። የድንች ጥብስ ፋብሪካውን ነፋሻ ቦታ ላይ ሊያቆመው ተመኘ፤ ምኞቱም በአንድ ስብሰባ ጸደቀ። ችካሉን የተከለው ስለሺ የሚባል የመሬት ቢሮው ቀያሽ ነው። ስለሺ ጨዋ ልጅ ነው፤ ችካል ሲቸክል እንኳ የባቄላውን ገለባ ይቅርታ እየጠየቀ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ አግማስ እራት አልበላም። ልጁ ሊዲ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ታጠናለች፤ ታሪክ የሚያጠና ሰው ደግሞ የቤት ሐዘን ሲያገኝ ዝም ማለት አይሆንለትም።

"አባዬ፣ ኒውዚላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ ነበር" አለች።

"እዚያም ድንች ይጠብሳሉ?"

"ስማኝ ልጨርስ። ማኦሪ የሚባሉ የአገሩ ሰዎች አሉ። እንግሊዞች መሬታቸውን ሊወስዱ ቀያሽ ላኩ። ፓሪሃካ የምትባል መንደር ነበረች፤ ሰዎቿ መሣሪያ አላነሱም። ችካሉን እየነቀሉ መሬቱን አረሱት። አራሾቹ ሲታሰሩ ሌሎች መጥተው ያርሳሉ። እነሱም ሲታሰሩ ሌሎች። በመጨረሻ ከአንድ ሺህ በላይ የታጠቀ ሰው መድፍ ይዞ መጣባቸው። በሩ ላይ ማን ጠበቀው? ሕፃናት እየዘፈኑ። ሴቶቹም ዳቦ ጋግረው ሰጡት።"

"ዳቦ" አለ አግማስ።

"ዳቦ። ራሳቸው ላይ ነጭ ላባ ይሰኩ ነበር፣ የሰላም ምልክት።"

"እሺ፣ መሬቱ ቀረላቸው?"

ሊዲ ወጡን በእንጀራ ስትጠርግ ቆየች። "አልቀረላቸውም። መንደሩ ፈረሰ፤ መሪዎቹ ያለ ፍርድ ታሰሩ። ግን እስከ ዛሬ ይዘፈንላቸዋል፣ ይሣልላቸዋል፣ ግጥም ይጻፍላቸዋል። ላባውንም እስካሁን ያደርጉታል። መንግሥቱም በቅርቡ ይቅርታ ጠይቋል።"

"ይህ ሁሉ የሆነው መቼ ነው?"

"ከመቶ አርባ ዓመት በፊት።"

"እኔ እስከዚያ አልቆይም" አለ አግማስ። "ሥዕል ደግሞ እኔም ጋ ሞልቷል። እኔ የምፈልገው መሬቱን ነው።" እንዲህ ይበል እንጂ ነገሩ ሆዱ ገባ። ጧት ሲወጣ ኮፍያው ላይ ነጭ የዶሮ ላባ ተሰክቷል። ዘይኑልአቢዲን ከላይ እስከ ታች አየውና፣ "አግማሴ፣ ዶሮ ሰርቀህ ነው የመጣኸው?" አለው።

አግማስ የማኦሪዎቹን ነገር ነገረው። ዘይኑልአቢዲን በጥሞና ሰምቶ፣ "ወላሂ፣ የነሱስ ዘይኑልአቢዲን ይታሰራል፤ የነሱ አግማስ ምን ያደርጋል?" ብሎ ጠየቀና መልስ ሳይጠብቅ በሬዎቹን ጠመደ። ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ገለበጠው። የነቀላቸውን ችካሎች ግን አልጣለም። የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ ጭቃቸውን ጠራርጎ ድንበሩ ላይ ደረደራቸው።

ስለሺ ይህን ሰምቶ ሁለት ሚሊሻ አስከትሎ መጣ። ድንጋይ ይወረወርብኛል ብሎ የሞተር ሳይክል ቆብ ደፍቶ ነበር። የጠበቀው ግን የአግማስ ሚስት ያለምወርቅ የጋገረችው ድፎ ዳቦ ነው፤ ስፋቱ የሚኒባስ ጎማ ያክላል። ዘይኑልአቢዲን ማር ጨመረበት። ስለሺ ቆቡን አወለቀ።

"ችካሉን ልትከል መጥቼ ነበር እኮ፣ ጋሽ አግማስ" አለ በሁለተኛው ቁራሽ ላይ።

"ትከል፣ ማን ከለከለህ? መጀመሪያ ብላ።"

የበላው ሰው ያበላውን ሰው ማሳ ሊወጋ አፈረ። መሣሪያውን ጠቅልሎ፣ እጁን ታጥቦ፣ መርቆ ሄደ። የዚያን ዕለት ቦሩ ሜዳ ላይ ፓሪሃካ ያሸነፈች መሰለ።

ችግሩ በማግስቱ ተመልሶ መምጣቱ ነው። በማግስቱም። ማኦሪዎቹ የገጠማቸው መድፍ የያዘ ጦር ነው፤ የወሎን ዳቦ የቀመሰ ቀያሽ ግን አልገጠማቸውም። የአንድ ጧት ልኬታ በጋውን ሙሉ ፈጀ። ስለሺ አንዷን ማዕዘን ይለካና "ፀሐይ በረታች" ብሎ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ሚሊሻዎቹ ወንድሞቻቸውን ይዘው መጡ። ከቢሮው "ሥራው ለምን ዘገየ?" ብሎ የሚቆጣጠር ቡድን ተላከ፤ እሱም በልቶ የልኬታውን ውስብስብነት አመነ። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ስለሺ አስቀድሞ ይደውላል፦ "ጋሽ አግማስ፣ ዛሬ በወተት አልተቦካም አይደል?"

ያለምወርቅ የስንዴውን ጎተራ ከፍታ አየችና ባሏን ጠራችው። "እነዚያ ሴቶች ዳቦውን የሰጡት አንድ ቀን ነው ወይስ በየቀኑ?"

"አንድ ቀን።"

"ልጅህ ይህን ለምን አጥብቃ አልነገረችንም?"

ዘይኑልአቢዲንም ማሩ አልቆበት ነበር። "መሬቱን ከባለሀብቱ ልናድን ዘሩን ለቀያሽ አበላነው" አለ። "አንድ መላ ፈልግ፣ ሠዓሊው።"

ሠዓሊ ሲባል አግማስ ቀለሙን አስታወሰ። ችካሎቹን ጋደም አድርጎ፣ አናታቸውን ሞርዶ፣ በአንደኛው ላይ ዘይኑልአቢዲንን ሣለው። ጢሙን፣ ቆቡን፣ በነገር የምትጠብ ዓይኑን ሳይቀር አመጣው። ጆሮው ብቻ የአግማስ ነው። ሐሳቡ እንደ ማኦሪዎቹ የማሳው ሰዎች በማሳቸው ላይ ዝም ብለው እንዲቀመጡ ነበር።

ስለሺ ዳቦ ሲቀርበት ሥራ ትዝ አለው። መዶሻውን አነሣና የዘይኑልአቢዲንን አናት ቀጠቀጠው። ባለ ፊቱ ቆሞ እያየ በየምቱ ራሱን ይይዝ ነበር።

"የኔን ራስ ከምታስቀጠቅጥ" አለ በመጨረሻ፣ "ለምን የአለቃቸውን አትሥልበትም?"

አግማስ ብሩሹን ቀየረ።

በሳምንቱ ስለሺ ሲመጣ ድንበሩ ላይ ቆመው የጠበቁት ችካሎች ሁሉ ፊት ነበራቸው። ከፊት የቢሮው ኃላፊ፣ ከነመነጽራቸው፣ ከነክራቫታቸው። ቀጥለው ምክትላቸው። ከዚያ የግዢ ክፍሉ፣ የፋይናንሱ፣ የሰው ሀብቱ። ዳር ላይ ደግሞ ስለሺ ራሱ፣ ጉንጩ በዳቦ ተወጥሮ። ስለሺ መዶሻውን ወደ ላይ አነሣ። ኃላፊው በመነጽራቸው ሥር አዩት። መዶሻው ወረደ፤ ወደ ከረጢቱ።

"ጋሽ አግማስ፣ ይህ ነገር ደግ አይደለም።"

"ምን አደረግሁ? የናንተው ችካል ነው። ቸክል።"

"እንዴት አድርጌ? እሳቸውን አናታቸውን?"

"እንግዲያ ንቀልና ጣላቸው" አለ ዘይኑልአቢዲን።

"ልጥላቸው?" ስለሺ ዙሪያውን ቃኘ። ሚሊሻዎቹ ስልካቸውን አውጥተው እየቀረጹት ነበር። መሣሪያውን ጠቅልሎ ወደ ከተማ ወረደ። ሌላ ቀያሽ ተላከ፤ እሱም የአለቃውን ፊት አይቶ የወገብ ሕመም ተነሣበት። ያን ሰሞን ቢሮው ውስጥ በወገብ ሕመም ፈቃድ ያልወጣ ቀያሽ አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዉ ከደሴ በሚኒባስ እየወጣ ከችካሎቹ ጋር ፎቶ ይነሣ ጀመር። ባለሀብቱም ድንቹን ይዞ ሌላ ነፋሻ ቦታ ፍለጋ ሄደ። ዘይኑልአቢዲን መሬቱን ለዘር ማለስለስ ጀመረ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም መልካም ነበር። ኃላፊው ግን ሥዕላቸውን ሊያዩ መጡ።

በነጭ መኪና መጥተው ከችካላቸው ፊት ለፊት ቆሙ። ሁለቱ ኃላፊዎች ለረጅም ጊዜ ተያዩ። አግማስ ታሰርኩ ብሎ ቀበቶውን ሲያጠብቅ፣ ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አፍንጫዬ ትንሽ ሰፍቷል" አሉ። "ግን ግርማ ሞገስ አለው። ጆሮው እንደውም ከእውነተኛው ይሻላል።"

ስለ ማኦሪዎቹም ሰምተው ነበር። እጃቸውን በማሳው ላይ ዘርግተው ንግግር አደረጉ። ይህ ቅርስ ነው፤ ቅርስ ደግሞ ቤት ይፈልጋል። እዚህ የሰላማዊ ትግል የጥበብ ማዕከል ይገነባል። መኪና ማቆሚያው ባቄላው ላይ፣ ቲኬት መቁረጫው ስንዴው ላይ፣ ካፍቴሪያው ዘይኑልአቢዲን በሬ የሚያጠጣበት ምንጭ ላይ ይሆናል። በመጪው ሳምንት ኮሚቴ መጥቶ ቅርሱን ይረከባል።

"መሬታችንን እንዳትወስዱ የሣልነውን ማስቀመጫ እንዲሆን መሬታችንን ልትወስዱ ነው?" አለ አግማስ።

"እንዲህ በጠባቡ አትየው። አንተ አስጎብኚ ትሆናለህ። ገበሬውም በሳምንት ሁለት ቀን በሬዎቹን ይዞ እየመጣ ለጎብኚ ያርሳል።"

"ምኑን?" አለ ዘይኑልአቢዲን።

"ለማሳያ የሚሆን አፈር በሣጥን ይዘጋጃል" አሉ ኃላፊው። ከዚያ ወደ አግማስ ዞር ብለው የማዕከሉን ታፔላ እንዲጽፍ አዘዙት። በባነር ሳይሆን በእጅ፣ ጥበብ ስለሆነ።

አግማስ ሳምንቱን ሙሉ ታፔላውን አልነካውም። ሊዲ አቤቱታ እንጻፍ አለች። ዘይኑልአቢዲን በሬዎቹ በሣጥን ውስጥ ሲዞሩ በሕልሜ አያለሁ አለ። ኮሚቴው የሚመጣበት ቀን ጧት ያለምወርቅ ማሳው ዳር ለዳቦው እሳት ልታነድ ብትነሣ እንጨት አልነበረም፤ በጋውን ሙሉ ለስለሺ ዳቦ ነድዶ አልቋል።

"እንጨት አምጣልኝ" አለችው። "የቀረችውን ዱቄት አቡክቻታለሁ። ባዶ እጃችንን አንቀበላቸውም።"

አግማስ ወደ ድንበሩ ሄደ። ችካሎቹን ተራ በተራ አያቸው። እንዲህ ያለ ሥራ በሕይወቱ ሠርቶ አያውቅም፤ የሰው ፊት እንጂ የፀጉር ቤት ጎረምሳ አልነበሩም። ከዚያ ነቀለና በክንዱ አቅፎ አመጣቸው። ኃላፊውን በገዛ እጁ ሰነጠቃቸው። ሊዲ ስትደርስ ግዢ ክፍሉ በግማሽ ነድዶ፣ ሰው ሀብት እየጨሰ ነው።

"አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው? ለልጅ ልጅ የሚቀር ሥራ እኮ ነበር።"

"ለልጅ ልጅ የሚቀረውን ነው የማተርፈው" አለ እሳቱን እየቆሰቆሰ። "ፊት ደግሜ እሥላለሁ። ማሳ ግን ሥዬ አላውቅም፣ ልጄ፤ ብሥለውም ባቄላ አያበቅልም።"

ኮሚቴው በሦስት መኪና መጣ። ዳቦ ቀረበለት፤ በላ። ኃላፊው ቁራሻቸውን ቀስ ብለው አላመጡና ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ።

"ትንሽ ቀለም ቀለም ይላል" አሉ።

"ባህላዊ ጣዕሙ ነው" አለ ከኮሚቴው አንዱ፣ ሁለተኛ ቁራሽ እያነሣ።

ሳህኑ ባዶ ሲሆን ኃላፊው አፋቸውን ጠርገው ቅርሱ የት እንዳለ ጠየቁ።

"በልታችሁታል" አለች ያለምወርቅ። አመዱን በእንጨት ገለጥ አድርጋ አሳየቻቸው። ዳር ላይ ነድዶ ያላለቀ አንድ ጆሮ ይጨስ ነበር።

ኃላፊው ሊቆጡ አሰቡ፤ የጎረሱት ግን ገና በደንብ አልወረደም። ቅርስ ከሌለ ማዕከል የለም። ማዕከል ከሌለ ቃለ ጉባኤው የሚይዘው ነገር የለም። ኮሚቴው በልቶ የጨረሰውን ቅርስ ጠፋ ብሎ ሪፖርት ለማድረግ የደፈረ አልተገኘም። መኪኖቹ አንድ በአንድ ዞረው ወደ ደሴ ወረዱ። አብሮ የመጣው ስለሺ ብቻ ወደኋላ ቀረ።

"የኔም ፊት ነደደ?" ብሎ ጠየቀ በዝግታ።

"ያንተን ከሥር ነው ያደረግኩት" አለ አግማስ። "ጉንጭህ ትልቅ ስለነበር ደህና ፍም ወጣው።"

ዝናቡ በማግስቱ ገባ። ዘይኑልአቢዲን ባቄላውን ዘራ፣ አግማስም ዳር ቆሞ "እዚያ ጋ ጠመመብህ" አለው። ባቄላው ክንድ ሲያክል፣ አንድ ረቡዕ፣ ስለሺ መሣሪያም ሚሊሻም ሳይዝ ብቻውን መጥቶ ድንበሩ ላይ ቆመ። ዳቦ አለ ወይ ብሎ በዓይኑ ጠየቀ።

ዘይኑልአቢዲን መኮትኮቻውን ወረወረለት። "ከዚህ እስከዚያ ካረምክ ይኖራል" አለው። "ለክተኸው የለ፣ ስፋቱን ታውቀዋለህ።"