ቀኝ እግሬን ያጠብኩበት ጧት

አማቴ በሕይወት ሳለች ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሳደርግ ውሃ የምታፈስልኝ እሷ ነበረች። የጎንደር ብርድ አጥንት ይገባል፤ እሷ ግን ማንቆርቆሪያዋን ከከሰሉ አንስታ በረንዳ ላይ ትጠብቀኛለች። እጄን፣ ፊቴን፣ ክንዴን እታጠባለሁ። ቀኝ እግሬ ላይ ስንደርስ ማንቆርቆሪያውን ታቀናና፣ "አብሺ" ትለኛለች።

እግሬ በፋሻ ታስሮ ነበር። የመጨረሻ ልጄን ወልጄ ሳልነሳ አብጦ ጎደለ፤ ከዓመታት በኋላ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቁስል ወጥቶ አልድን አለ። የሰፈራችን ሸኽ በእርጥብ እጅ ፋሻውን ማበስ እንደሚበቃ ነግረውኛል። እኔ ግን እግሬን ማጠብ ናፍቆኝ ነበር።

ቁስል ሲደርቅ ይድናል ብለን እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ስናሰጣው ከረምን። በኋላ ሆስፒታል ሄድን፤ ደሜም አዲስ አበባ ተልኮ ተመረመረ።

"ደም በሥር ውስጥ እንዳይረጋ የሚጠብቅ ፕሮቲን አለ" አለችን ሐኪሟ። "በእርስዎ ደም ውስጥ ያንሳል። ያን ጊዜ እግርዎ ያበጠው ደም ረግቶ ነው። ይኸው ፕሮቲን የቆሰለ ቆዳ ሲጠገንም ያግዛል።"

"የት ይሸጣል?" አለች አማቴ። "ልጄ ሰሊጥ ሊገዛ ሳንጃ ሲወርድ ይዞልን ይምጣ።"

ሐኪሟ ሳቀች። "እማማ፣ ሰውነት ራሱ ነው የሚሠራው።"

ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኪኒን ሰጠችኝ፤ እግሬንም ከጣቴ እስከ ጉልበቴ አጥብቃ አሰረች። ቁስሉን እንዳላደርቀው፣ ፋሻውንም እንዳልፈታ አስጠነቀቀችኝ።

የዒድ ጧት አላስችል አለኝና ፋሻውን ልፈታ ጎንበስ አልኩ። አማቴ ማንቆርቆሪያውን ከኋላዋ ደበቀችው።

"ምነው? አብሺና ተነሺ!"

"እማ፣ ዛሬን ብቻ።"

"ዛሬን ብለሽ ዓመት ልትጨምሪብኝ ነው? እኔ እንደሁ አርጅቻለሁ። በዚያ እግር ላይ ውሃ ሳላፈስ ልሙት?"

አበስኩ።

ቁስሉ ከዳር ዳሩ እየጠበበ ሄዶ ገጠመ። ሐኪሟ በፋሻው ፈንታ የሚያጠብቅ ካልሲ ሰጥታ፣ ለመታጠብ ማውለቅ እንደምችል ነገረችኝ። በማግስቱ ባዶ እግሬን ዘረጋሁ።

"አብ..." አለችና አማቴ እግሬን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ማፍሰስ ጀመረች። ሙቁ ውሃ በአዲሱ ቆዳ ላይ ሲወርድ አለቀስኩ። እሷ ማፍሰሱን አላቆመችም፤ ማንቆርቆሪያው ባዶ ሆነ።

"እማ፣ የግራውስ?"

"ይጠብቃ! እሱ ስንት ዘመን ብቻውን ሲታጠብ ኖረ።"

እየሳቀች ሌላ ውሃ ልታመጣ ገባች።

አልሐምዱሊላህ፣ እግሬ ደህና ነው። ዛሬ ውሃውን ራሴ አፈሳለሁ፤ ለቀኙ ትንሽ አበዛለታለሁ።