የቡታጅራው ምሳ

«ብሉ ያልኳችሁ እኔ ነኝ?» አለ አሰልጣኛችን።

«አላልክም ኮች። ግን መጀመሪያ የጎረስከው አንተ ነህ» አለው አምበሉ።

ቡታጅራ ላይ በቅርጫት ኳስ ክፉኛ ተሸንፈን ወልቂጤ መመለሳችን ነበር። ቀድሞም ስንሸነፍ ስለከረምን፣ አምበሉ አሰልጣኙን ዛሬውኑ ሊያስለቅቀው ቆርጦ ኳስ በምናስቀምጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ በሁላችን ፊት አፋጠጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጨዋታው በፊት የቡታጅራው አሰልጣኝ እናቱ ቤት ምሳ ጋበዘን። ክትፎው ከነቆጮው መጣ። እናትየው አጠገባችን ቆመው «በሞቴ» እያሉ ይጨምሩልናል። በእኛ አገር «በሞቴ» የሚሉ እናት ፊት ጠገብኩ ማለት ነውር ነው። የእነሱ ተጫዋቾች ግን እጃችንን ያስታጥቡናል እንጂ አይቀምሱም። «እንግዳ ሳይጠግብ አንበላም» አሉን። ጨዋነታቸው ግጥም ሊያጽፈኝ ምንም አልቀረውም። ሜዳ ላይ እነሱ ሲዘሉ የእኛ ልጆች ቀና ብለው ያዩዋቸው ነበር።

«አንተ ገጣሚ፣ እስቲ ፍረድ» አለኝ አምበሉ። «ጥፋቱ የማን ነው? የእሱ ወይስ የእኛ?»

«እኔ ተቀያሪ ነኝ። አግዳሚ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ምሳው እንከን አልነበረውም» አልኩ።

ሁሉም ሳቀ፤ አሰልጣኙ ግን ጃኬቱን አነሳ።

«ለቀቅክ ማለት ነው?» አለው አምበሉ።

«የመልሱ ጨዋታ እዚህ ወልቂጤ አይደል?»

«ነው።»

«እናቴን ክትፎ አዘጋጂ ልላት ነው። እናንተ ታስተናግዳላችሁ እንጂ አትቀምሱም።»

ወጣና በሩን ዘጋው።