ዋንጫው ተገኝቷል

ንፋስ መውጫ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። በየዓመቱ መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፍና «ባለቤቱ ማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ተማሪዎቹ ይሳሳቃሉ። ባለቤት ሲባል ወይ የሱቅ ጌታ ወይ የትዳር ጓደኛ ነው ትዝ የሚላቸው። እኔም ቀልዱን ያን ቀን እንደ ሰማሁት ሆኜ አብሬ እስቅና፣ ባለቤት ማለት ድርጊቱን የፈጸመው ነው እላቸዋለሁ። ድሮ ይህን ስል ምንም አይመስለኝም ነበር። አሁን ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ነው የምናገረው።

የከተማችን እግር ኳስ ቡድን ጸሐፊ ነበርኩ። ኳስ ስለማውቅ አይደለም፤ ኳስ ወደ እኔ ሲመጣ ዓይኔን የምጨፍን ሰው ነኝ። የተመረጥኩት ደብዳቤ ያሳምራል ተብሎ ነው። የቦርዱ ሰብሳቢ የእህል ነጋዴ ናቸው። ማልያውን የገዙት፣ ጫማውን የገዙት፣ ተጫዋቾቹን በጭነት መኪናቸው ከከተማ ከተማ የሚያመላልሱት እሳቸው ነበሩ። ሰዉ «የቡድኑ ባለቤት» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ሲባሉ ደስ ይላቸዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። አንድ ተከላካያችን እግሩ የተሰበረ ጊዜ የጫኑትን ስንዴ መንገድ ዳር አራግፈው ደብረ ታቦር ሆስፒታል ድረስ አድርሰውታል። ይህን የምጽፈው በኋላ የምናገረው ነገር ሁሉንም እንዳያጠፋባቸው ነው።

አሠልጣኙ ደግሞ ጓደኛዬ ነበር። የስማዳ ገበሬ ልጅ ነው፤ አውድማ ላይ ያደገ። ከተማችን ስሟ በከንቱ አልወጣላትም፤ ሜዳችን ላይ ንፋሱ ኳስ ብቻ ሳይሆን ተመልካችም ይገፋል። ሌላው ንፋሱን ይራገማል። እሱ ግን ከኪሱ እፍኝ ገለባ አውጥቶ ቀስ እያለ ይለቀውና ወዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚያርፍ ያያል። አባቱ ገብስ ከማዝራታቸው በፊት እንዲህ ያደርጉ ነበር። ንፋሱ በየትኛው ሰዓት እንደሚነሳ፣ በየትኛው እንደሚደክም ደብተር ላይ ይጽፋል። ንፋስ ፊት ለፊት ሲመጣብን ኳሷ ከጉልበት በላይ እንዳትነሳ፣ መሬት መሬቷን እንድትሄድ አስተማራቸው። መጀመሪያ ላይ ከሳቁበት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

የዋንጫው ጨዋታ መካነ ኢየሱስ ላይ ነበር። እሱ ከቡድኑ ሁለት ቀን ቀድሞ በአውቶቡስ ሄደ። ሁለቱንም ቀን በጨዋታው ሰዓት ከሜዳው ዳር ቁጭ ብሎ ገለባ ሲበትን ዋለ፤ የአካባቢው ሰው የታመመ መስሎት ጸበል መክሮታል። ንፋሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በርትቶ ዐሥር ሰዓት ሲል እንደሚሞት አወቀ። ስለዚህ አምበላችን ዕጣው ሲወጣለት ንፋሱን ከጀርባ የሚያደርገውን ወገን መረጠ። በመጀመሪያው አጋማሽ ከሩቅ የተመታች ኳስ በንፋሱ ታግዛ ገባች። ከዕረፍት በኋላ እነሱ ተራቸው ደርሶ ንፋሱን ሲጠብቁ ንፋሱ የለም። አንድ ለባዶ አሸነፍን።

በጭነት መኪናው እየዘፈንን ተመለስን። አደባባዩ ላይ ዋንጫውን ከፍ አድርገው ያነሱት ነጋዴው ናቸው። አሠልጣኙ ኳሶቹን በመረብ አንጠልጥሎ ከሰዉ መሃል ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ከዚያ ወዲያ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ያለ መኪናው የት ትደርሱ ነበር ይላል፤ ግማሹ መኪናው ብቻውን ጎል አያገባም ይላል። እኔ ሁለቱም እውነት ነው ባይ ነበርኩ። ምስጋናው ለሁለት ሰው ቀርቶ ለዐሥርም ይበቃ ነበር፤ አሁንም እንደዚያ ነው የማምነው።

ነገሩ የከፋው በደብዳቤው ነው። ባሕር ዳር ላይ የአሠልጣኞች ሥልጠና መጣ። ያንን የጨረሰ ሰው በትልልቅ ቡድኖች መቀጠር ይችላል። ጓደኛዬ ለዓመታት የጠበቀው ይህንን ነው፤ ዕድሜውም ከዚያ ዓመት በኋላ አይፈቅድለትም። ከቡድኑ የሚፈለገው ውጤቱን ያመጣው እሱ መሆኑን የሚገልጽ፣ በሰብሳቢው የተፈረመ አንድ ደብዳቤ ነበር። «ዋንጫውን ያስገኙት አሠልጣኙ ናቸው» ብዬ ጻፍኩና ወደ ነጋዴው ሱቅ ይዤ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«መምህር፣ እኔ የለሁበትም እንዴ?»

«እርስዎማ ፈራሚው ነዎት።»

«መፈረምና ማስገኘት አንድ ነው?»

አንድ አይደለም። ይህ ደብዳቤ የሱ ነው፣ ለእርስዎ ሌላ እጽፋለሁ ማለት ነበረብኝ። የምኖርበት ቤት የሳቸው ነው፤ በዚያ ግን አላሳብብም፣ ከቤቴ ውጣ ብለውኝ አያውቁም። ፊታቸው ሲጠቁር ማየት ስላልፈለግሁ ብቻ ነው። እዚያው ባንኮኒው ላይ ብልሃት አገኘሁ። «የውድድሩ ዋንጫ ተገኝቷል» ብዬ አስተካከልኩት። ተደራጊ ግስ። በሰዋስው ሕግ የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ዋንጫው ራሱ ነው፤ ራሱን ከመሬት ያነሳ ይመስል። እሳቸው ፈገግ ብለው ፈረሙ፣ ማኅተሙን እኔ መታሁ። ማንንም ሳላስቀይም በመውጣቴ ኮርቼ ነበር።

አሠልጣኙ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አነበበው።

«ማን አስገኘው ይላል መምህር?» አለኝ።

«ይታወቃል እኮ» አልኩት።

«እሽ» ብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማመልከቻው ተመለሰ፤ የአመልካቹ ድርሻ አልተገለጸም የሚል ወረቀት ተያይዞበታል። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ ሌላ ደብዳቤ እንጻፍ አልኩ፤ እሱ ጊዜው አልፏል አለ፣ አልፎም ነበር።

በቀጣዩ ዓመት መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ልምምዱ ተቋረጠ፣ ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾቻችን አገር ለቀው ሄዱ። ተሸነፍን፣ ደግሞ ተሸነፍን። ቦርዱ ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። «አሠልጣኙ ቡድኑን ለውድቀት ዳርገዋል» ብዬ ጻፍኩ። ለዚህኛው ባለቤት ለማግኘት ማንም አልተቸገረም፣ እኔም ጭምር። የፊተኛው ደብዳቤ ትዝ ያለኝ ማታ ራት ላይ ነው።

እሱ ተሰናብቶ ወደ ስማዳ፣ ወደ አባቱ መሬት ተመለሰ። ቡድኑም ብዙ አልቆየም፣ ፈረሰ። ማኅተሙን ለከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት አስረከብኩ። ዋንጫው ነጋዴው ሱቅ ውስጥ ከባቄላው ጆንያ ጀርባ አቧራ ለብሷል። አንድ ቀን «ውሰደው እስቲ መምህር፣ ቦታ ያዘብኝ» አሉኝ። ወዴት እንደምወስደው ስላላወቅሁ ተውኩት።

ያለፈው ቅዳሜ አሠልጣኙን ገበያ ላይ አገኘሁት። ገብስ በአህያ ጭኖ መጥቷል። ከስቷል፣ ሽበት አውጥቷል። እኔ ደብዳቤውን እንደ ገና ጽፌ ለወራት በቦርሳዬ ይዤው ስዞር ነበር፤ አውጥቼ ሰጠሁት። «ዋንጫውን ያስገኙት አሠልጣኙ ናቸው» ይላል። ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው። ማኅተም የሚያርፍበትን ባዶ ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና መለሰልኝ።

ወረቀቱን ወደ ቦርሳዬ እየመለስኩ፣ «የጎዱህ ነጋዴው ናቸው» አልኩት።

«ተው፣ እሳቸውማ ኳስ አያውቁም» አለኝ፣ ያለ ቁጣ። «እውነትም ያስገኙት እሳቸው መስሏቸው ነው። አንተ ግን አማርኛ ታውቃለህ።»

የአህያውን ጭነት አጠበቀና ወደ እህል ተራው ሄደ።