ያለጊዜዋ የተደወለች ደወል

ሉሸስ ታርቨር አፉ ቁጥብ፣ እጁ ግን ቀልጣፋ ሰው ነው። ጉድ የሠራውም ያው እጁ ነው።

አላባማ ውስጥ ካልፐር በምትባል ከተማ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው አንድ ነበር፤ የኮሌጁ ቡድን ባሸነፈ ቁጥር ሜዳው ጥግ የተሰቀለችውን የብረት ደወል መደወል። ከእሱ በፊት አባቱ ነበሩ የሚደውሏት። ደሞዝ የለውም፣ ክብር ግን አለው። ካልፐር ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ ቅዳሜ ኳስ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ የተረፈው ቀን የቅዳሜው ኳስ ወሬ ነው። ኳስ ስል በእጅ ታቅፈው የሚሮጡትን፣ ሁለት ጫፉ የሾለውን ነው፤ እዚያ ሌላ ኳስ ያለም አይመስላቸው።

መስከረም ላይ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ፣ ካልፐር በሁለት ነጥብ ወደኋላ ቀርታ ሰዓቱ ሊያልቅ ሆነ። ጃረል ፒትማን የሚባለው መቺያቸው ኳሷን ጠልዞ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል አሳለፋት። ሦስት ነጥብ! ሕዝቡ አበደ፤ ሉሸስም ገመዱን ስቦ ደወሏን አንቃጨላት። ወይ ጉድ! ለካ ዳኛው ሣሩ ላይ ቢጫ ጨርቅ ወርውሯል። ቢጫ ጨርቅ ከወደቀ ጥፋት አለ ማለት ነው። ነጥቡ ተሰረዘ፣ ቡድኑ በቅጣት ወደኋላ ተመለሰ፣ ጃረል ከሩቅ እንደገና መታ፣ ሳተ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው።

ካልፐሮች ደወሏ ከድል በፊት ከጮኸች የዓመቱ ጨዋታ ተበላሸ ብለው ያምናሉ። እውነትም ከዚያ በኋላ ሽንፈት በሽንፈት ላይ ሆነ። ፀጉር ቤት ሲገባ ፀጉር አስተካካዩ ሄርሼል፣ «አጎት ሉሸስ፣ ቅዳሜ ከቁርስ በፊት ነው የሚደውሉት ወይስ በኋላ?» ይለዋል። ተራ የሚጠብቁት ይንከተከታሉ። ሉሸስም አብሮ ይስቃል፤ ቤቱ ሲገባ ግን እህል አይወርድለትም።

«ደወል ነው የደወልከው እንጂ ሰው አልገደልክም! ብላ!» ትለዋለች ሚስቱ ኦፓል።

«አባቴ አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም።»

«አባትህማ መነጽር ያደርጉ ነበር። መነጽርህን መሳቢያ ውስጥ የምትደብቅ ኩራተኛ አንተ ነህ!»

ኅዳር ላይ አንድ ጨዋታ ብቻ ቀረ። የደጋፊዎቹ ሰብሳቢ ሚስስ ዊላዲን ደጁ ድረስ መጡ። «ሚስተር ታርቨር፣ ቅዳሜም ከተሸነፍን ገመዱን ለሌላ ሰው እንሰጣለን። ሰዉ እንዲህ ነው የሚለው፣ እኔ ምን ላድርግ?» አሉት። የአባቱ ገመድ! ሉሸስ ሴትየዋን በትሕትና ሸኝቶ ጓሮ ገባና አለቀሰ።

ቅዳሜ ገና ጨዋታው ሳይጀመር ጃረል ደወሏ ሥር መጣ። ልጁ የዘንድሮ ተመራቂ ነው፤ ከዚህ በኋላ አይጫወትም።

«ሚስተር ሉሸስ፣ ሰው በከንቱ ነው በእርስዎ የሚያላክከው። የሳትኩት እኔ ነኝ።»

«የመጀመሪያዋን አግብተህ ነበር እኮ ልጄ።»

እግዜር ሲፈርድ፣ ጨዋታው እንደገና በአንድ ምት ላይ ወደቀ። ካልፐር በአንድ ነጥብ ወደኋላ ቀርታለች፣ ጃረል መታ፣ ኳሷ በመሀል አለፈች። ዳኛው ገባ ሲል ሁለት እጁን ሰቀለ፤ ሰዓቱም አለቀ። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ደወሏ ዞረ።

ድምፅ የለም። ሉሸስ መነጽሩን አድርጎ፣ ገመዱን ጨብጦ ደርቆ ቀርቷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ!

«ደውል አንተ ሰውዬ! ምን ነካህ?» ኦፓል ከመቀመጫዋ ተነስታ ጮኸች።

ጃረል እየሮጠ መጣ። «ምን እየጠበቁ ነው?»

«ጨርቅ አለ! ያው፣ ከመስመሩ ጋ! ቢጫ!»

ጃረል ሄዶ አነሳውና ሳቁ አፈነው። «የዓሣ ጥብስ መጠቅለያ ነው፣ ሚስተር ሉሸስ! ሰናፍጭ ነው ያቀለመው!»

ሉሸስ በረጅሙ ተነፈሰና ገመዱን ሳበው። ደወሏ ከተማውን አናወጠችው። ሄርሼል እንኳ ባርኔጣውን ወርውሮ አለቀሰ፣ እሱ አላለቀስኩም ይላል እንጂ።

ሚስስ ዊላዲን ሰዉን ገፍተው ኦፓል ጋ ደረሱ። «ለመጪው መስከረም ያንን መነጽር እንዳይረሳ፣ አደራ» አሏት።

ሰው መበተን ሲጀምር ጃረልም ሊሄድ ዞረ። ሉሸስ ጠራውና የገመዱን ጫፍ ዘረጋለት።

«ያ ለዛሬዋ ምት ነው። አሁን ደግሞ ለመስከረሟ ምት አንተ ደውልላት። እሷም ገብታ ነበር።»

ጃረል ፊቱን በማሊያው ጠረገና ገመዱን ያዘ።