አባቴ ከማኅበር የቀረ ጊዜ

ሶሲዮሎጂ ምን እንደሆነ ማስረዳት ከሰለቸኝ ቆይቷል። መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ቢሮ ውስጥ፣ አንዱ ባልደረባዬ እስከ ዛሬ «የእብድ ሐኪም» ይለኛል። ድሮ እከራከረው ነበር፤ ስነ ልቦና የአንዱን ሰው ውስጥ ይመረምራል፣ ታሪክ ያለፈውን ይከተላል፣ የእኛ ግን ሰዎች አብረው ሲኖሩ ያበጁትን ደንብ፣ ደንቡም መልሶ እነሱን እንዴት እንደሚያበጃቸው ይጠይቃል እያልኩ። አሁን «እሺ፣ ሐኪም ነኝ» ብዬ ሻዬን እጠጣለሁ።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ከሚካኤል ማኅበር ቀረ። ከአገር ቤት፣ ከወገዳ፣ የነፍስ አባታችን ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ አባትሽ ከጽዋው ቀረ እኮ። ስለ ሰው ተምረሽ የለም ወይ? እስቲ መጥተሽ እይው።»

ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ የተከፈተ ቀን ሄድኩ። በዚያ ኮረኮንች ስንገጫገጭ ሐዘኑ ጭንቅላቱን ነክቶታል፣ ደብረ ታቦር ወስጄ አሳክመዋለሁ እያልኩ አስብ ነበር። ፈርቼ ነበር። በእኛ አገር ከማኅበር የቀረ ሰው ቀስ በቀስ ከሰው ሁሉ ይቀራል።

ሦስት ቀን ሙሉ ጠየቅኩት። እንቅልፍ ይወስድዎታል? ምግብስ ይበላልዎታል? እሱ ግን ገብሱን ያጭዳል፣ ቅዳሴ ያስቀድሳል፣ የቀረበለትን ይበላል። የሚታከም ነገር አጣሁበት።

በአራተኛው ቀን ደክሞኝ፣ ለወሬ ያህል፣ «ለመሆኑ ጽዋውን የሚረከበው ባለተራ ማን ነበር?» አልኩት።

«እኔ ነኛ» አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጽዋውን የተረከበ ሰው በወሩ ማኅበርተኛውን ቤቱ ጠርቶ ጠላና ዳቦ ያቀርባል። ጠማቂዋ እናቴ ነበረች። ወንድ ጋን ቢያጥብ፣ ጌሾ ቢወቅጥ የአገር መሳቂያ ነው፤ ጎረቤት መለመን ደግሞ አባቴ አይሆንለትም። ተራው ሳይደርስ ሸሸ። አራት ዓመት ተምሬ፣ ደንቡን ማየት ሲገባኝ የአባቴን ጭንቅላት ስመረምር ሰነበትኩ። አፈርኩ።

«ታዲያ ለምን አልጠሩኝም፣ አባዬ?»

«አንቺን? እናትሽ ጋን አታስነካሽም ነበር፤ ትማር፣ ተዋት እያለች። እሷ ስትሞት ጠብቄ ለጠላ ልጥራሽ?»

የሸሸው ለካ ለእኔም ብሎ ነው። «ጽዋውን ይረከቡ፣ እኔ እመጣለሁ» አልኩት።

ቀኑ ሲቃረብ ተመልሼ ሄድኩ፤ ጎረቤታችን እየሳቀችብኝ ጠላውን አስጠመቀችኝ። ወገቤ ተቆረጠ፤ እጄ ጌሾ ጌሾ ሸተተ፤ ጠላውም ቀጠነ። በሚካኤል ዕለት ማኅበርተኞቹ ቀመስ አድርገው እርስ በርስ ተያዩ። አባቴ ዋንጫውን እስከ አተላው ጨለጠና፣ «የእናቷ እጅ ነው» ብሎ ዋሸልኝ።