«አልቋል» የሚለው ቁልፍ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ሰኞ ነበር። ቢሮው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከአንድ ጫማ መደብር በላይ ነው። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አለቃው ናሆም «ነይ፣ ስብሰባ አለ» አለኝ። ገባሁ። ሦስት ሰዎች ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ቢጫ ወረቀቶች ፊት ቆመዋል፤ ወንበር የሚባል የለም። ወንበር ያጠራቸው መሰለኝና ከኮሪደሩ ሁለት በርጩማ ይዤ ተመለስኩ። አንዱን ለናሆም አቀረብኩለት።

«እኛ የምንሰበሰበው ቆመን ነው» አለኝ። «ወሬ እንዳይረዝም።»

«እርስዎ እንኳ ይቀመጡ» አልኩት።

«አንተ በይኝ፣ አስቴር። እዚህ ቤት አንቱ የለም።»

ዕድሜው ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል፤ ቢሆንም አለቃ አለቃ ነው። ማተሚያ ቤት ሳለሁ አለቃዬን አንተ ብል ያን ዕለት ዕቃዬን ሰብስቤ እወጣ ነበር። ሳምንት ሙሉ አንተም አንቱም ላለማለት ስል ስንተባተብ ከረምኩ።

ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት አራሚ ነበርኩ። የሠርግ ጥሪ፣ የመዝሙር ደብተር፣ የፈተና ወረቀት፣ ማተሚያ ቤቱ የሚያወጣው ሁሉ በእጄ ያልፍ ነበር። ናሆም የቀጠረኝ «ስህተት የማያመልጣት ሴት አለች» ብለውት ነው። ኮምፒውተር ላይ ከመጻፍ በቀር ምንም እንደማላውቅ ነግሬዋለሁ። «የፕሮግራም ስህተትም ስህተት ነው። አንቺ አግኚልኝ እንጂ የሚያስተካክል አለ» አለኝ። የሥራ መደቤ ቴስተር ተባለ። እናቴ ምን ሆነሽ ተቀጠርሽ ስትለኝ «ፈታሽ» አልኳት። በር ላይ ቆሜ የሰው ቦርሳ የምፈትሽ መስሏት በጣም አዘነች።

የቤቱ ቋንቋ ራሴን አዞረው። ሁለት ሳምንት የሚፈጀውን ሥራ ስፕሪንት ይሉታል፤ ሩጫ ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል የሰማሁ ሰው ነኝና ለምን እንሮጣለን ብዬ ጠየቅሁ። ሳቁብኝ። ደንበኛው የሚፈልገውን ነገር በአንዲት ወረቀት ሲጽፉት ደግሞ ታሪክ ይባላል። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ዘላለም የኦቾሎ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ። «አስቴርዬ፣ ታሪኩን አንብቢና ፈትሺው» አለኝ። ማን ምን ሆኖ ይሆን ብዬ አነበብኩ። «እንደ መድኃኒት ቤት ሠራተኛ ትእዛዝ መላክ እፈልጋለሁ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ታሪክ የለውም።

ከሁሉ የባሰብኝ ግድግዳው ላይ ያለው የመጨረሻው ዓምድ ነው። «አልቋል» የሚል ተጽፎበታል። ዘላለም ወረቀቱን እዚያ ስር ይለጥፋል፤ እኔ ስከፍተው አይሠራም።

«አላለቀም» እለዋለሁ።

«የኔ አልቋል። ያላለቀው ያንቺ ነው» ይለኛል።

ማተሚያ ቤት አለቀ ከተባለ ታትሞ ወጥቷል። እዚህ ያለቀ ነገር ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ግራ ሲገባኝ ናሆምን ጠየቅሁት። «አለቀ ማለት አንቺ አለቀ ስትይ ነው» አለኝ። ሥልጣኑ ደስ አለኝ፤ ትርጉሙ ግን ያን ቀንም አልገባኝም።

ሥራው ይህ ነበር። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለገጠር ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት ያድላል፤ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ በየወሩ የሚወሰዱትን። መጋዘኑ አርባ ምንጭ ነው። ጤና ጣቢያዎቹ በስልክ ያዝዙ ነበር። እኛ በታብሌት የሚያዝዙበትን አፕ ሠራን፤ ድርጅቱም «ከእንግዲህ በስልክ አንቀበልም» አለ። መጀመሪያ የተሞከረው ከካምባ ወዲያ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

የዚያች ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ቤት ኃላፊ ወንድም ማቴዎስ ይባላል። ታብሌቱን ሊረከብ መጥቶ ግማሽ ቀን አሠለጠንነው። የአፍ መፍቻው ጋሞኛ ስለሆነ አማርኛው ላይ ሴትና ወንድ አንዳንዴ ይደባለቁበታል፤ እኔን አንተ ይለኛል። አራሚ ብሆንም አላረምኩትም። ሲሰናበት እጄን ይዞ አልለቅ አለኝ።

«እህት አስቴር፣ አንድ ነገር አደራ። የሚጥል በሽታ ኪኒን አይቋረጥብኝ። ጋሽ ጫቦ የሚባል ሸማኔ አለ። ኪኒኑን እየዋጠ አራት ዓመት ሙሉ አልጣለውም። ካቆመ ይጥለዋል፤ ቤት ውስጥ እሳት አለ። ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ፣ ወንድም ማቴዎስ። በኔ ይሁንብህ» አልኩት። ደብተሬ ላይም ጻፍኩት።

አፑ ላይ በየመድኃኒቱ ስም አጠገብ አንድ ቁልፍ አለ። የታዘዘው በየወሩ መጋዘኑ ዝርዝር ላይ ይወጣል፤ ካርቶኑ ሲደርሰው ማቴዎስ ቁልፉን ይነካል፤ ያ ትእዛዝ ይዘጋና ከመጋዘኑ ዝርዝር ይወጣል። ዘላለም የቁልፉን ስም ከግድግዳችን ገልብጦ «አልቁአል» ብሎ ጻፈው፤ የትእዛዙ ነገር ተጠናቋል ለማለት ነው። እኔ አየሁት። ዐይኔ ሌላ ምን ሊያይ፣ ፊደሉን አየ። «ቁአ አይባልም፤ ቋ ነው» ብዬ አሳረምኩት። ከዚያ ሃያ ሁለት ነገር የያዘውን የፍተሻ ዝርዝሬን አንድ በአንድ ሞከርኩ፤ ሁሉም ሠራ። «አለፈ» ብዬ ፈረምኩ።

በሁለተኛው ወር የአጠቃቀሙን መዝገብ ሳገላብጥ አንድ ነገር አልጨበጥ አለኝ። ማቴዎስ የሚጥል በሽታው ኪኒን ላይ «አልቋል»ን ሰኞ ነክቷል፤ ማክሰኞ ነክቷል፤ ሐሙስ አራት ጊዜ ነክቷል። አንድ ካርቶን ስንት ጊዜ ይደርሳል?

ዘላለምን ጠራሁት። «ኔትወርክ ነው» አለ። «ሲዘገይበት የሄደ አይመስለውም፣ ደጋግሞ ይነካል።»

አሳማኝ ነበር። እኔም ባግ፣ ማለትም የፕሮግራም ስህተት፣ ብዬ መዘገብኩት፤ «ተጠቃሚው ቁልፉን በተደጋጋሚ ሲነካ መዝገቡ ይበላሻል፤ አንዴ ከተነካ ለወሩ ይዘጋ።» ዘላለም በአንድ ቀን ሠራው። ሞከርኩት፤ አንዴ ስነካው ደበዘዘ፣ ሁለተኛ ስነካው ዝም። አርብ ዕለት ለድርጅቱ ሲታይ ናሆም «ይህን ያገኘችው አስቴር ናት» አለ። አጨበጨቡልኝ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት የመጋዘን ኃላፊዋ ደወለች። «ያ የካምባ ማዶ ሰውዬ ምን ሆኗል? የደም ግፊት ኪኒን መደርደሪያዬን ሞላው ብሎ መለሰልን» አለችኝ። እኔ የጠየቅኋት ስለሚጥል በሽታው ኪኒን ነው። «እሱማ ደርሶታል፤ ዝርዝሬ ላይ የለም» አለች። የላከችበትን ደብተር እንድታይልኝ ለመንኳት። ገልብጣ ገልብጣ «አልላክሁም» አለች፤ ድምፅዋ ተቀየረ። «ሳልልክ እንዴት ደረሰው?»

እኔም ያንኑ ነው የምለው። የማይፈልገው ይላክለታል፤ የሚፈልገው ሳይላክ ይደርሰዋል። ማቴዎስ ጋ ደወልኩ፤ ጥሪ አይቀበልም አለኝ። ዘላለም የድሮ ዳታ ነው አለ። ናሆም ስፕሪንቱ አርብ ያልቃል፣ ከዚያ እናየዋለን አለ። ደብተሬን ገለጥኩ፤ «ጋሽ ጫቦ፣ ቤት ውስጥ እሳት አለ» ይላል።

«ከዓመት ፈቃዴ ሁለት ቀን ስጠኝ» አልኩት ናሆምን።

«ለምን?»

«አልገባኝም። ሳይገባኝ አርብ ድረስ መቀመጥ አልችልም።»

በማግስቱ ከመናኸሪያው የካምባን መኪና ተሳፈርኩ፤ ከካምባ ወዲያ በሞተር። ስደርስ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ሰው ተሰልፏል። ማቴዎስ ሲያየኝ ፊቱ አልተፈታም። «ግባ» ብሎ ጥግ ላይ ወንበር ሰጠኝ። ያን ጊዜ ነው፣ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ፣ አፑን የሚጠቀም ሰው አጠገብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጥኩት።

አንዲት ሴት መስኮቱ ጋ ደረሰች። ካርድ አውጥታ በጋሞኛ ተናገረች። ማቴዎስ ካርዱን አየ፣ ወደ መደርደሪያው ዞረ፣ ባዶውን ካርቶን ነካ ነካ አደረገና በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማ መሰለኝ፣ «አልቋል» አላት። ከዚያ ታብሌቱን ስቦ «አልቋል» የሚለውን ቁልፍ ተጫነው። ደብዝዟል። ደግሞ ተጫነው። ወደ እኔ ዞረ።

«ይኸው፣ ወር ሙሉ አለቀ እላችኋለሁ። መጀመሪያ ዝም አላችሁኝ። ደጋግሜ ነገርኳችሁ። ከዚያ ጭራሽ ቁልፉን ዘጋችሁብኝ።»

ማቴዎስ አልተሳሳተም፤ ስናሠለጥነው የቁልፉን ትርጉም የነገረው አልነበረም። መድኃኒት ቤት ውስጥ አልቋል ማለት የለም ማለት ነው፤ እዚህ አገር ይህን የማያውቅ ሰው አለ? እኔ ራሴ ስንቴ ፋርማሲ ሄጄ «አልቋል» ተብዬ ተመልሻለሁ። ያለቀበትን መድኃኒት በነካ ቁጥር እኛ ደርሶታል ብለን ከዝርዝር እንሰርዛለን። ያላለቀውን አይነካውም፤ የእሱ ትእዛዝ ክፍት ስለሚቆይ ደጋግሞ ይላክለታል።

«እሷ ማን ናት?» አልኩት፤ እያወቅሁት።

«የጋሽ ጫቦ ባለቤት። ስትመጣ አራተኛዋ ነው። ባለፈው ሐሙስ ጣለው። እሳት ላይ ነው የወደቀው፤ ቀኝ እጁ ተቃጠለ።»

ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ሮጬ ወጣሁና ለመጋዘን ኃላፊዋ ደወልኩ። አፑን ተዪው፣ ኪኒኑን በእጅሽ አውጪና በነገው መኪና ስደጂ አልኳት። «ያለ ትእዛዝ?» አለች። «ትእዛዙ እኔ ነኝ» አልኳት። እንደዚያ የማለት ሥልጣን አልነበረኝም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ፤ ማቴዎስ ተቀብሎ በእግሩ ወስዶ ሰጣቸው። እኔ አብሬው ለመሄድ አፈርኩ።

ቢሮ ስመለስ ግድግዳው ፊት ቆመን የሆነውን ተናገርኩ። ናሆም «ማነው ያን ቃል የጻፈው?» አለ። ዘላለም አቀረቀረ።

«እሱ ጻፈው፣ እኔ አረምኩት» አልኩ። «ያልተላከ እንዳይዘጋ መፈተሽ የኔ ሥራ ነበር፤ አልፈተሽኩም። ሰውዬው ሲጮህም ቁልፉን ያስዘጋሁበት እኔ ነኝ።» ዘላለም በዚያው ዕለት ቁልፉን ሁለት አደረገው፤ «ደርሶኛል» እና «የለኝም»።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱን ለማሳየት ተመልሼ ሄድኩና ማቴዎስን ጋሽ ጫቦ ቤት ውሰደኝ አልኩት። ጋሽ ጫቦ ደጅ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ቁስሉ ደርቋል፤ ሁለቱ ጣቶቹ ግን አይታጠፉም፤ የሽመና መወርወሪያውን መያዝ አቅቶታል። አደራ በላ መሆኔን በምን አፌ ልናገር። ማቴዎስ እየተረጎመልኝ ይቅርታ ጠየቅሁት።

«አንቺ ምን አደረግሽ? መድኃኒቱ ነው ያለቀው» አለ።

«ወንድም ማቴዎስ አለቀ እያለ ደጋግሞ ልኮልን ነበር። እኔ በስህተት የነካው መስሎኝ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይልክ አስደረግሁ።»

ማቴዎስ ተረጎመለት። ሽማግሌው ቁጣ አላሳየም፤ ነገሩ ግራ ገባው። ከዚያ ዝግ ብሎ ተናገረ፤ ማቴዎስም ትንሽ አመንትቶ ነገረኝ።

«ሰው ጠርተኸው አቤት ካላለህ፣ ደግመህ አትጠራውም ወይ? ነው የሚለው።»

ዛሬ በሥሬ ሦስት ቴስተሮች አሉ፤ እንዲህ እላቸዋለሁ፤ አንድ ሰው አንድ ቁልፍ ደጋግሞ ሲነካ ካያችሁ፣ ባግ ብላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ደውላችሁ ምን ፈልጎ እንደሆነ ጠይቁት። ስልኩ ካልሠራ ሂዱ።